የጋሽ ዓለምሰገድ አርባ ቁራጮች

ጋሽ ዓለምሰገድ የቆረጡትን እንጨት አይጥሉም ነበር። ይህን ጠባያቸውን በሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ መንገድ የማያውቅ አልነበረም። መደርደሪያ ሠርተው ሲጨርሱ፣ ሌላው ሰው ቆሞ የሥራውን ማማር ሲያደንቅ፣ እሳቸው አጎንብሰው ከወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ይለቅማሉ። ጣት የምታህለዋን እንኳ ሳይንቁ ያነሡና በእርሳስ ቁጥር ጽፈውባት ጆንያቸው ውስጥ ይከቷታል። ቁጥሩም የፈረንጁ ቁጥር አይደለም፤ በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት የለመዱት የግእዝ ቁጥር ነው።

ለምን እንደሚያስቀምጡት ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነበር። «ባለቤቱ ዓመት ሙሉ ተጠቅሞበት ‹ጥሩ ነው› እስኪለኝ ድረስ ሥራው አላለቀም። ሥራው ካላለቀ ቁራጩ የኔ አይደለም፣ ምን መብት ኖሮኝ እጥለዋለሁ?» ይህን ያስተማሯቸው የራሳቸው መምህር ነበሩ፤ እሳቸውም በተራቸው አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ዓመት የእንጨት ሥራ ሲያስተምሩ ለተማሪዎቻቸው ይህንኑ ሲሉ ኖረዋል።

አብሯቸው ፓርኪንግ የሚሠራ ክፍሉ የሚባል ቀልደኛ ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ፀጉርዎን ሲቆረጡስ ይዘውት ይመጣሉ?» ቢላቸው፣ አናቱን ትክ ብለው ተመለከቱና «የኔን ፀጉር ቆራጭ አምነዋለሁ። ያንተው ግን ቁራጩን ቢያስቀምጥልህ ደግ ነበር፤ መመለስ ያለበት ነገር አያለሁ» አሉት።

የማወራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለ 1988 ዓመት ነው። ያን ጊዜ ያ መንገድ እንደ ዛሬው በኛ ስም አይጠራም። ከኦሊምፒክ ጎዳና እስከ ፒኮ ጎዳና ባለው መካከል የአሮጌ ዕቃ መሸጫ፣ ልብስ አጣቢ፣ ጫማ አዳሽ ተደርድሮ፣ የኛ ሰው ሱቅ በጣት የሚቆጠር ነበር። እኔ ታክሲ እነዳለሁ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ግን መሪው ራሱ ወደዚያው ይወስደኛል።

ጋሽ ዓለምሰገድ የሚኖሩት ፓልምስ ሰፈር ነው፤ የሚሠሩት ደግሞ ዊልሸር ጎዳና ላይ፣ የሐኪሞች ሕንፃ ሥር ባለው ፓርኪንግ መግቢያ። እንደ ቁም ሣጥን በጠበበች ክፍል ተቀምጠው ለሚገባው መኪና ሁሉ ካርድ ይመታሉ። ካርዱን በሰዓት ማተሚያዋ አፍ ያስገባሉ፣ እጀታዋን ይጫናሉ፣ ቀጭ ትላለች፣ የገባበት ሰዓት ይታተማል። ሃያ ዓመት መላጊያ የጨበጠ እጅ አምስት ዓመት ሙሉ ሥራው ይህ ብቻ ሆነ። ሲያማርሩ ግን ሰምቼ አላውቅም። ስለ ሥራቸው አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ያነሡ ነበር፤ እሱም የዚያች ማተሚያ እጀታ ነው።

«ይቺን የሠራ ሰው እጅ ያውቃል» ይላሉ። «አውራ ጣትህ የምታርፍበትን ሥፍራ ጎድጎድ አድርጎ ትቶልሃል። በቀን አራት መቶ ጊዜ እየተጫንኳት አንድም ቀን እጄን አሞኝ አያውቅም። ማን ይሆን?»

«ፋብሪካ ነዋ፣ ጋሼ» ይላል ክፍሉ። «እኔን ደሞ ሁሌ ያመኛል፤ የሚሰማኝ ግን የለም።»

«ፋብሪካ እጅ የለውም» ይላሉ እሳቸው።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ዘቢደር ምግብ ቤት ልትከፍት ተነሣች። ዘቢደር ኖርዝ ሆሊውድ ካለው አፓርታማዋ ለሠርጉም ለክርስትናውም ወጥ እየሠራች በከተማው የታወቀች ሴት ናት። ፌርፋክስ ላይ ቀድሞ አልጋ ይሸጥበት የነበረ ቤት ተከራየች፤ ሦስት ትልልቅ መሶብ ከአገር ቤት አስመጣች፤ የሚከፈትበትንም ቀን ለአዲስ ዓመት አደረገችው። የጎደላት ወንበር ብቻ ነበር። እግዜር ሲሰጥ ከየት እንደሚሰጥ አይታወቅምና፣ ከመንገዱ ማዶ አንድ ሽማግሌ የጥርስ ሐኪም ጡረታ ሊወጣ ክሊኒኩን ሲያጸዳ አገኘችው። በመጠበቂያው ክፍል የነበሩትን ዐሥር ወንበሮች «አሮጌ ሞድ ነው፣ ማንም አይፈልገው፣ ውሰጂው» ብሎ ሰጣት።

እውነትም አሮጌ ሞድ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ፣ በአምሳዎቹ ዓመታት፣ ይህች ከተማ እንደዚያ ያለ ነገር ትወድ ነበር ይባላል፤ ጣራው ጠፍጣፋ ግድግዳው መስታወት የሆነ ቤት፣ ጣራው እንደ ወፍ ክንፍ ሽቅብ የተነሣ ቡና ቤት፣ ቀጭን እግር ያለው የቤት ዕቃ። በኛ ጊዜ ግን ሰው ሰልችቶት በየመንገዱ ዳር ያወጣው ነበር። ወንበሮቹ መቀመጫቸውና መደገፊያቸው ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ በእንፋሎት ተለምጦ እንደ ተከፈተ መዳፍ ጎበጥ ብሏል። አራቱ እግሮች ዋልነት ከሚባል ጥቁር እንጨት የተሠሩ፣ ወደ ውጪ ዘርዘር ያሉ፣ የሚዳቋ እግር የመሰሉ ናቸው። ችግሩ አንድ ነበር፤ ቁመታቸው።

ዘቢደር አንዱ ላይ ተቀምጣ ወደ መሶቡ ቁልቁል አየች። «እንግዶቼ እንጀራውን ከሰገነት ላይ ሆነው ሊሰናበቱት ነው እንዴ?» አለች። ከዚያም ጋሽ ዓለምሰገድን አስጠራች።

አሜሪካ ከገቡ ወዲህ በሙያቸው የተጠሩት ይህ የመጀመሪያው ነበር። እስከዚያ የሠሩት ለወዳጅ መደርደሪያ፣ ለጎረቤት በር ነው። ይህ ግን አገር የሚያየው ሥራ ነበር። ከአገር ቤት ይዘዋት የመጡትን ካኪ ጋዋን ለብሰው፣ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ገቡ። ወንበሮቹን አንድ ባንድ ገልብጠው አዩ፤ እግራቸውን ዳሰሱ፤ «ደግ ሰው ነው የሠራው» አሉ። ከዚያም ሜትር ያወጣሉ ብለን ስንጠብቅ፣ የሰፈሩን ቢጫ የስልክ መጽሐፍ ሁሉ ሰብስቡልኝ አሉ።

ያን ጊዜ የሎስ አንጀለስ የስልክ መጽሐፍ እንደ ጥርብ ድንጋይ የወፈረ ነበር። ከየሱቁ ለቅመን አመጣን። እሳቸው በመሶቡ ዙሪያ ደራርበው እያስቀመጡ የተገኘውን ሰው ሁሉ ያስቀምጡበት ጀመር። ክፍሉ ረጅም ነው፤ እኔ መካከለኛ ነኝ፤ እትዬ ለተማርያም ደግሞ ለዘቢደር በርበሬ ሊያስረክቡ የመጡ፣ ሰውነታቸው የሞላ አሮጊት ናቸው።

«ዓለሜ፣ ምነው በስተርጅና የስልክ ደብተር ላይ አወጣኸኝ?» አሉ እትዬ ለተማርያም።

«እትዬ፣ አሁን እንደሚበሉ ሆነው ጎንበስ ይበሉልኝ።»

«ባዶ መሶብ ላይ? መሳቂያ ልታደርገኝ ነው እንጂ።»

ዘቢደር እየሳቀች ድፎ ዳቦ ቆርሳ መሶቡ ላይ አኖረችላቸው። ጋሽ ዓለምሰገድ ወለሉ ላይ ተንበርክከው የጉልበታቸውን መታጠፊያ፣ የክንዳቸውን መዘርጊያ ተመለከቱ። «ሰማንያ ገጽ ይቀነስ» ይላሉ፤ ክፍሉ ይቀንሳል። «ሃያ ይመለስ» ይላሉ፤ ይመልሳል። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። የልብስ አጣቢው ኮሪያዊ ሳይቀር መጥቶ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ዓለምሰገድ ብድግ ብለው «ከፊተኛው እግር አራት ጣት ተኩል፣ ከኋለኛው አራት ጣት» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው መጋዝ የወጣው።

ዐሥር ወንበር፣ አርባ እግር ተቆረጠ። ጫፉ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ ዘይት ጠጣ። ዐሥሩም ወለሉ ላይ ሲቀመጡ አንድም የተንገዳገደ አልነበረም። አርባዎቹ ቁራጮች እንደ ደንቡ ቁጥራቸውን ተቀብለው ጆንያ ገቡ።

የአዲስ ዓመት ዕለት ቤቱ ሞልቶ ሰው መንገድ ላይ ቆመ። የዘቢደርን ዶሮ ያላመሰገነ አልነበረም፤ ግን ሰው ሁሉ ሲቀመጥ «እፎይ» እያለ ነው የተቀመጠው። ይህን ማን እንደ ሠራው ሳይጠይቅ የወጣም ጥቂት ነው። በዚያው ሳምንት ጋሽ ዓለምሰገድን ሦስት ሰዎች አናገሯቸው፤ አንዱ ለግሮሰሪው ባንኮኒ፣ አንዱ ለቤተ ክርስቲያን አትሮኖስ፣ አንዱ ለሠርግ ቤቱ ቁም ሣጥን ፈለገ። የአሮጌ ዕቃ ሱቁ ባለቤትም ከሱቁ ጀርባ ያለውን ጋራዥ ለሥራ ቤት ሊያከራያቸው ተስማማ። «ጥቅምት ሲያልቅ ከካርዱ ቤት እወጣለሁ» አሉኝ አንድ ቀን ታክሲዬ ውስጥ ሆነው፤ ይህን ሲሉ ፊታቸው እንደ ተማሪ ፊት ያበራ ነበር። «ሰው ‹የዘቢደርን ወንበር የሠራው› እያለ ስሜን ይጠራው ጀመር፣ ሰምተሃል?»

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ የዘቢደር የእኅት ልጅ ፋና ትልቅ መጽሐፍ ታቅፋ ገባች። ፋና የዲዛይን ተማሪ ናት፤ ትምህርት ተከፍቶባት ለበዓሉ አልመጣችም ነበር። ከበሩ ላይ ቆማ ወንበሮቹን አየች፤ ሰው የተቀመጠባቸውን አየች፤ ባዶዎቹን አየች።

«አክስቴ፣ ወንበሮቹ አጠሩ ወይስ እኔ ረዘምኩ?»

«ጋሽ ዓለምሰገድ ናቸው ያስተካከሏቸው» አለች ዘቢደር። «ተቀመጪበት እስቲ።»

ፋና አልተቀመጠችም። መጽሐፉን ባንዱ መሶብ ክዳን ላይ አኑራ ገለጠችው። የኛ ወንበር ነው፤ ሙሉ ገጽ የያዘ ፎቶግራፍ፤ በረጅም እግሩ ቆሞ። እሷም ፊቷ እየቀላ ነገረችን። ወንበሩን የነደፉት ኦገስታ ሌንደል የሚባሉ ሴት ናቸው። በፋብሪካ የሚመረቱ ዕቃዎችን መልክ በመንደፍ ሥራ ሴት በማይታወቅበት ዘመን ስማቸው ከቀዳሚዎቹ ጋር የሚጠራ፣ ካውያ፣ ሬዲዮ፣ ቴርሞስ፣ የአውቶቡስ መቀመጫ ሳይቀር የነደፉ ናቸው። ይህን ወንበር ፋብሪካው የሠራው ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቷ ስለ ሴትዮዋ ኤግዚቢሽን ሊያሳይ ተዘጋጅቶ፣ ወንበሩን ፈልጎ ፈልጎ አጥቷል። አስተማሪዋ ፎቶውን ሲያሳይ ፋና እጇን አወጣች። በነሐሴ፣ ሳይቆረጡ አይታቸዋለችና «አክስቴ ጋ ዐሥር አሉ» አለች።

«እና፣ ሐሙስ ሊመጡ ነው» አለች ፋና። «አስተማሪዬና ሚስ ሌንደል፣ ራሳቸው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ወንበሮቹ አሉ ሲባሉ አለቀሱ አሉኝ።»

ዘቢደር ወደ ጋሽ ዓለምሰገድ ዞረች። እሳቸው ግን አይሰሙም ነበር። ፋና ገጹን ስትገልጥ ከሥሩ የመጣውን ፎቶ እያዩ ነው። አረንጓዴ ግራጫ የካርድ ማተሚያ ነበረች፤ በጎኗ እጀታዋ፣ በእጀታዋ ላይ የአውራ ጣት ጎድጓዳ። አውራ ጣታቸውን በፎቶው ላይ አኖሩ።

«ሴት ናት?» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ ጋሼ፤ ይቺንም እሳቸው ናቸው የሠሯት።»

ወንበሩ ላይ ዝቅ ብለው ተቀመጡ። «አምስት ዓመት ሙሉ እጇን ሳመሰግን ኖሬ፣ እግሯን ቆረጥኩት» አሉ።

ወሬው እስከ ማታ ድረስ ከግሮሰሪው እስከ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ወሬ ሲሄድ ይወፍራልና፣ ሮብ ዕለት አንዱ «ሙዚየም ሊከሳቸው ነው» ሲል ሰማሁ። የባንኮኒው ሰውዬ «ትንሽ እንቆይ» ማለቱንም ሰማሁ። ጋሽ ዓለምሰገድ ያንን ከሰሙ በኋላ ከጋራዡ ባለቤት ቁልፉን ሊቀበሉ አልሄዱም። «የሰው ሥራ ያበላሸ አናጢ ማን ቤት ይገባል?» አሉኝ። «ካርዱን ልምታ እንጂ።»

ዘቢደር ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ሮብ ከሰዓት በኋላ ዐሥሩንም ወንበር ከመቀመጫው እስከ ወለሉ ድረስ ነጭ ጨርቅ ልትሰፋላቸው መርፌ ይዛ ተቀመጠች።

«ቀሚስ ነው?» አለ ክፍሉ።

«እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ይልበሱ። ከላይ ከላይ አይተው ይሂዱ።»

«አጭር ይሁን ረጅም? ረጅም ካደረግሽው ሴትዮዋ ‹እግራቸው ያማረ ነበር፣ ምን ነካቸው› ማለታቸው አይቀርም።»

«አንተ እዚያ ክር ቁረጥ፤ ወሬ አትቁረጥ።» ከዚያም ወደ ጋሽ ዓለምሰገድ ዞር አለች። «እኔ ነኝ ቁረጡልኝ ያልኩት። ለሴትዮዋ ምንም አይናገሩ፤ የሚናገር ካለ እኔ እናገራለሁ። እርስዎ ነገ ባይመጡ ይሻላል።»

«ልክ ነሽ፣ ባልመጣ ይሻላል» አሉ። ጋዋናቸውን አጥፈው በክንዳቸው ይዘው ወጡ።

ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ሚስ ሌንደል መጡ። ትንሽ፣ ደረቅ ያሉ፣ ነጭ ፀጉራቸውን እንደ ወንድ ያሳጠሩ፣ ክብ ትልቅ መነጽር ያደረጉ፣ ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ናቸው። ፋናና አስተማሪዋ ግራና ቀኝ ይዘዋቸዋል። ዘቢደር የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ተቀበለቻቸው። እሳቸውም ዓይናቸው ወዲያው ወንበሮቹ ላይ ዐረፈ፤ ዐሥር ነጭ የለበሱ ወንበሮች በመሶቦቹ ዙሪያ።

«እነዚህ ሚዜዎች ናቸው?» አሉ። ፋና ተረጎመችልን፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና ጋሽ ዓለምሰገድ ገቡ። ካኪ ጋዋናቸውን ለብሰዋል፤ ጆንያዋን በትከሻቸው አንግተዋል። ዘቢደር በዓይኗ ተመለሱ አለቻቸው። እሳቸው ግን ሴትዮዋ ፊት ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እጅ ነሱ። ቀጥለውም በዚያ ከመጽሐፍ በተማሩት፣ ቃሉን አንድ ባንድ በሚያነሡት እንግሊዝኛ «እመቤቴ፣ ወንበሮችዎን የቆረጥኩት ሰው እኔ ነኝ» አሉ። አጎንብሰውም ያንዱን ወንበር ቀሚስ ገፈፉት።

ሚስ ሌንደል ምርኩዛቸውን ለፋና ሰጡና ወንበሩን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ዐሥሩንም?» አሉ።

«ዐሥሩንም።»

«አንድ እንኳ አልተውክልኝም?»

ሴትዮዋ የሌሎቹንም ቀሚስ አስገፈፉ። አንድ ባንድ እየዞሩ መዳፋቸውን በማዕዘናቸው ላይ እያሳረፉ ተጫኑ። አንደኛው ዝም፤ ሁለተኛው ዝም፤ ዐሥሩም ዝም አሉ። የመጨረሻውን ክፍሉን አስገልብጠው የተቆረጠውን ጫፍ በጥፍራቸው ዳሰሱ። ከዚያ በፋና በኩል ፈተና የሚመስል ጥያቄ ጀመሩ።

«ፊተኛው ለምን ከኋለኛው አጠረ?»

«የእርስዎ ወንበር ሰው የሚጠብቅበት ነው፤ ወደ ኋላ ጋደም ያደርጋል» አሉ ጋሽ ዓለምሰገድ፤ አሁን በአማርኛ ነው። «እኛ ስንበላ ወደ ፊት ነው የምንሄደው። መቁረስ አለ፣ ማጉረስ አለ። መቀመጫው ካልተስተካከለ ሰው ወገቡን ያመዋል።»

«ልኩን ከየት አመጣኸው?»

የስልክ መጽሐፎቹ ገና ጥግ ላይ ተከምረው ነበር። ጋሽ ዓለምሰገድ አሳዩአቸው፤ እትዬ ለተማርያምን፣ ክፍሉን፣ ኮሪያዊውን፣ ሰማንያውን ገጽና ሃያውን ገጽ ሁሉ ተናገሩ። የሴትዮዋ አፍ ጫፍ መንቀሳቀስ ሲጀምር አየሁ። «እኔ ጎረቤቶቼን ነበር ያስቀመጥኳቸው» አሉ፤ «በአሸዋ ከረጢት ላይ። ወር ሙሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቤተሰቦች ሰላም ማለት ተውኝ።» ግን ፊታቸው ተመልሶ ጠቆረ። «ቢሆንም አንዱን ብቻ፣ አንዱን ብቻ እንደ ነበረ ማየት እፈልግ ነበር።»

ጋሽ ዓለምሰገድ ጆንያውን ከትከሻቸው አወረዱ። ተንበርክከው ቁራጮቹን ወለሉ ላይ ይደረድሩ ጀመር። አራት ባንድ ረድፍ፤ ዐሥር ረድፍ፤ አርባ ቁራጭ። ፋና እጇን በአፏ ላይ አድርጋ ነበር፤ ዘቢደር ቀስ ብላ ጨርቁን ከመሬት አነሣች።

ሚስ ሌንደል ጎንበስ ብለው አንዱን አነሡ። «ይህ የተጻፈው ምንድን ነው?»

«፯ ነው፤ ሰባተኛው ወንበር። ‹ፊ› የፊት፣ ‹ቀ› የቀኝ።»

ሰባተኛው የቱ እንደሆነ አሳዩአቸው። ሴትዮዋ ራሳቸው ቁራጩን ወስደው ከእግሩ ጫፍ ጋር ገጠሙት። የእንጨቱ ጅማት ከጅማቱ ጋር መጣ፤ ጥቁሩ መስመር ከጥቁሩ ቀጠለ።

«ሁሉም ግን አይመለስም» አሉ ጋሽ ዓለምሰገድ። ይህን ባይሉት ማንም ባላወቀባቸው ነበር። «መጋዝ የበላው አለ። ጫፉንም አለስልሼዋለሁ። ይህን ያህል ጎድሏል» ብለው የሳንቲም ውፍረት ያህል በጣታቸው ለኩ። «ከሌላ እንጨት መሙላት አለብኝ።»

«ከምን ትሞላዋለህ?»

«አገሬ ሳለሁ የምሠራበት መዶሻ አለኝ፤ እጀታው ወይራ ነው። ከሱ እሰነጥቃለሁ። ግን ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ይታያል። እንዲመሳሰል ላጠቁረው እችላለሁ።»

«አታጥቁረው» አሉ ሚስ ሌንደል። «እንዲታይ ተወው። አንዱን መልስልኝ፤ ይበቃኛል። ዘጠኙ እዚሁ ይብሉ።» ከዚያ ወደ ዘቢደር ዞረው «እኔስ የምበላው የለም?» አሉ።

ዘቢደር ይህን ስትሰማ ወደ ማድ ቤት ስትሮጥ ያየ ሰው የሃያ ዓመት ልጅ ናት ይል ነበር። ሚስ ሌንደል ከዝቅተኞቹ ባንዱ ላይ ተቀመጡ። ዘቢደር አጎረሰቻቸው፤ እሳቸውም ለማጉረስ ሞከሩና ግማሹን የአስተማሪው ክራባት ላይ አፈሰሱት። መጎንበሱንና መመለሱን ደጋግመው ሞከሩ፤ «ግማሽ ጣቷ ልክ ናት» አሉ። ልነሣ ሲሉ ግን ጉልበታቸው እንቢ አለ። አንዴ ሞከሩ፣ ሁለቴ ሞከሩ። «ይህ ሰውዬ የመቀመጡን ለክቶ የመነሣቱን ረስቶታል» አሉ፤ ክፍሉና አስተማሪው በብብታቸው ይዘው ሲያነሷቸው ከእሳቸው ይልቅ የሳቀ አልነበረም።

በሩ ላይ ሲደርሱ የጋሽ ዓለምሰገድን ቀኝ እጅ ያዙ። ፋና ስለ ማተሚያዋ ነግራቸው ነበርና አውራ ጣታቸውን ገልብጠው አዩት።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎድጓዳው ትንሽ የጠበበ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «እውነቱን ንገረኝ።»

«ለኔ ልክ ነው።»

«እኔን ይጠበኛል» አለ ክፍሉ ከኋላ። «አምስት ዓመት ተናገርኩ፣ የሰማኝ የለም።»

ሚስ ሌንደል የክፍሉንም አውራ ጣት ተቀብለው መረመሩ። «አየህ፣ አውቄው ነበር» አሉ፤ እንደ ተረታ ሰው ሳይሆን እንደ ረታ ሰው ደስ ብሏቸው።

ጋሽ ዓለምሰገድ ሰባተኛውን ወንበር ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ሥራውን የሠሩት በዚያው ጋራዥ ነው፤ ቁልፉን በማግሥቱ ተቀበሉ። መዶሻው እጀታውን አጥቶ ራሱ ብቻ ቀረ። በውስጥ በኩል በእንጨት ችንካር አያያዙት፤ በውጪ በኩል አራቱም እግሮች ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቀጭን፣ ማር የመሰለ የወይራ ቀለበት አጠለቁ። የኤግዚቢሽኑ ቀን በአምስት ታክሲ ሄድን። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ካውያው አለ፣ ሬዲዮው አለ፣ የካርድ ማተሚያዋ አለች፤ ሰው የበዛው ግን ወንበሩ ዙሪያ ነበር። ከሥሩ ባለው ካርቶን ላይ ከሚስ ሌንደል ስም ቀጥሎ የጋሽ ዓለምሰገድ ስም ከነአባታቸው ተጽፎ ነበር። እትዬ ለተማርያም አንብቡልኝ አሉና ካነበብንላቸው በኋላ «የኔስ ስም? የተቀመጥኩት እኔ አይደለሁም?» አሉ። የባንኮኒው ሰውዬ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሥራው መቼ እንደሚጀመር ጠየቀ።

ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ሚስ ሌንደል ወንበሩን ለዘቢደር መለሱላት። ወር በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ እየመጡ በሱ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሌሎቻችን ከታች፣ እሳቸው ከላይ፣ እንደ ዳኛ። አንዳንዴም ወዳጆቻቸው ቤት የተሰበረ የድሮ ወንበር በመኪና አስጭነው ይመጡና ወደ ጋራዡ ይልኩታል። ክፍሉ ብቻውን ቀርቶ ካርድ ሲመታ አውራ ጣቱን ባሻሸ ቁጥር «ሴትዮዋ ራሳቸው አምነውልኛል» ይላል።

ዓመቱ ዞሮ አዲስ ዓመት ሲመጣ ጋሽ ዓለምሰገድ ጆንያቸውን ይዘው ዘቢደር ጋ ገቡ። ሠላሳ ስድስት ቁራጭ ቀርቷል።

«እህስ ዘቢደር፣ ዓመት ሞላው። ወንበሮቹ እንዴት ናቸው? ‹ጥሩ ናቸው› ካልሽኝ ቁራጮቹን እጥላለሁ።»

ዘቢደር የሞላውን ቤት አየች፤ ጆንያውንም አየች።

«እኔ እንጃ፣ ጋሽ ዓለምሰገድ» አለች። «ገና አላወቅኋቸውም። ለከርሞ ይጠይቁኝ።»

ጋሽ ዓለምሰገድ ራሳቸውን ነቅንቀው ጆንያውን መልሰው አነገቱ። በየዓመቱ ጠየቁ፤ በየዓመቱም «ለከርሞ» ተባሉ።